የሐዋሳዋ የድሮ ራት ቀሚስ ሱቅ፦ ግዙ፣ ግን ሳይተኮስ

ሐዋሳ ገበያ አካባቢ ከቦንዳ የወጡ የድሮ የራት ቀሚሶችን ለይታ የምትሸጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ምርጫዋ ግሩም ነው። ይበልጥ ደስ የሚለው ደግሞ ባለሱቋ ቀሚሱን ገልብጦ ማየት አለመከልከሏ ነው፤ የቀሚስ ዕድሜ የሚታወቀው ከውስጥ በኩል ነውና።

መጀመሪያ ዚፑን እዩ። የብረት ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወይም ከዚያ በፊት የተሰፋ ሊሆን ይችላል፤ የናይለኑ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ዚፕ ግን ይቀየራል፤ የተሰፋበት ክር ከሌላው ስፌት ጋር ካልተመሳሰለ አትመኑት። የተሻለው ማስረጃ በጎን ስፌት ውስጥ የሚገኘው የአሜሪካ የሴቶች ልብስ ሠራተኞች ማኅበር ምልክት ነው። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ከሆነ ቀሚሱ እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1995 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው።

የሱቋ ትልቁ ጥፋት ካውያው ላይ ነው። ሁሉም ቀሚስ ከመሰቀሉ በፊት በአንድ ዓይነት ሙቀት ይተኮሳል። አሲቴት ሳቲን (ሐር የሚመስል ሰው ሠራሽ ጨርቅ) ቀልጦ ያብረቀርቃል፣ የፕላስቲክ ፈርጥ ይጨማደዳል፣ የከፋይ ጸጉር ተኝቶ ይቀራል። አሰቃቀሉም ያሳዝናል፦ አንድ ዶቃ የበዛበት ጥቁር ከፋይ በቀጭን የሽቦ መስቀያ ተንጠልጥሎ፣ ክብደቱ የትከሻውን ስፌት ስቦ ገበሩን አስገጥጦታል። ዶቃ ያለበት ቀሚስ ተጋድሞ ነው የሚቀመጠው።

ጨርቁን ለመለየት ከውስጥ ስፌት አንድ ክር መዝዛችሁ አቃጥሉ። ሐር እንደ ጸጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። አሲቴትም ይቀልጣል፣ ሽታው ግን ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል፤ አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከነካው ጨርቁ ራሱ ይሟሟል።

ሐር፣ ከፋይና ዶቃ ያለበትን ቤት አትጠቡ። ሌላውን በረጠበ ነጭ ጥጥ ከውስጥ ጫፉን ጫን አድርጉና ቀለም ከለቀቀ ተዉት። ካልለቀቀ 10 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። አትጭመቁት፤ በፎጣ ጠቅልላችሁ ውኃውን አስመጥጡና ጥላ ላይ አጋድሙት።

በፌስታል ግን በፍጹም አታስቀምጡ። በክረምት የሐዋሳ እርጥበት ፌስታል ውስጥ ሲታፈን ሻጋታ ያወጣል። ሁለት ጊዜ የታጠበ አቡጀዲ ይሻላል፤ እጥፋቱ ላይ ጨርቁ እንዳይሰበር ጥቅል አቡጀዲ መሐል አስገቡበት፣ በየሁለት ወሩም አናፍሱት።

ሱቋ የምትሰጠው ጥቁር ፌስታል ነው፤ ንጹሕ አንሶላ ይዛችሁ ሂዱ፣ አዲስ ቦንዳ በተፈታበት ቀን ደርሳችሁም ካውያ ያልነካውን ጠይቁ።