የውድድር ማርሽ ወይስ የተለመደው? ለትራክ ሞተር የትኛው ያዋጣል

በዛሬዎቹ አብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች አንደኛ ማርሽ ወደ ታች ተረግጦ ይገባል። ከዚያ ከሁለተኛ እስከ ስድስተኛ ፔዳሉ በእግር ጣት ወደ ላይ ይነሳል። የውድድር አደራደር ይህንን ይገለብጠዋል፤ አንደኛ ወደ ላይ፣ የቀሩት በሙሉ ወደ ታች ይሆናሉ። ፍሪ ግን እዚያው አንደኛና ሁለተኛ መካከል ነው። ማርሽ ሳጥኑ አይከፈትም። የሚቀየረው ከፔዳሉ እስከ ሳጥኑ ያለው ማገናኛ ብቻ ነው።

ትራክ (የውድድር መም) ላይ መንዳት የጀመረ ሰው ይዋል ይደር እንጂ "ልገልብጠው ወይስ ልተወው?" ማለቱ አይቀርም። ከገለበጠም ገንዘቡን የት ላይ ማዋል እንዳለበት ማወቅ አለበት። እኔ ከዋጋው ይልቅ መገልበጡ የሚከናወንበትን ቦታ አስቀድማለሁ። ምክንያቱን ወደ ታች አስረዳለሁ።

ጥቅሙ የት ጋ ነው

ከግራ ኩርባ ስትወጡ ሞተሩ ገና ወደ ግራ እንደተኛ ነው። ጋዝ ሰጥታችኋል፣ ዙሩ ጣሪያ ሊነካ ነው፣ ማርሽ መጨመር አለባችሁ። በተለመደው አደራደር ጫማችሁን ከፔዳሉ ስር ማስገባት ግድ ነው። በፔዳሉና በአስፋልቱ መካከል ግን ያን ጊዜ ለጫማ የሚሆን ቦታ የለም። ወይ የጫማው ጫፍ መሬት ይፈትጋል፣ ወይ ሞተሩ ቀና እስኪል ትጠብቃላችሁ። በተገለበጠው ግን እግራችሁ ከፔዳሉ በላይ ስለሆነ መርገጥ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። ማርሽ የምትቀንሱት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከኩርባው በፊት፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ስለዚህ ያን ጊዜ ከስር ማንሳቱ አያስቸግርም። በፍጥነት እየተወነጨፉ ከማንሳት መርገጥ ይቀላል፣ ኃይልም አለው።

ቀኝ ኩርባ ላይ ልዩነቱ ብዙም አይሰማም። ከተማ ውስጥማ ጭራሽ የለም ማለት ይቻላል። ለሥራ መመላለሻ ብቻ ለሚነዳ ሰው ገልብጥ ብዬ አልመክርም።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። የእንግሊዞቹ ኖርተን ኮማንዶ ማርሽ በቀኝ እግር ነበር፤ አንደኛ ወደ ላይ፣ ሦስቱ ወደ ታች። ወደ ግራ እግር የዞረው በ1975 ነው። አገር ቤት ማርሾቻቸው በሙሉ ወደ ፊት እየተረገጡ በሚገቡ አንዳንድ የሕንድ ሞተሮች የለመደ ሰውም "ረግጦ መጨመር" ለእግሩ እንግዳ አይሆንበትም።

አደጋው

በተለመደው ዓመታት የነዳ እግር ሳያስብ ነው የሚሠራው። በሦስተኛ ማርሽ፣ በደቂቃ 13,000 ዙር ላይ ናችሁ እንበል። አራተኛ ለማስገባት እግራችሁ በልማድ ፔዳሉን ወደ ላይ ያነሳል። አደራደሩ ግን ተገልብጧልና የገባው ሁለተኛ ነው። በሁለቱ ማርሾች መካከል ያለው ልዩነት 20 በመቶ ከሆነ ዙሩ በአንድ ጊዜ ወደ 15,600 ይዘላል። ዙር ሲበዛ ነዳጅ የሚቆርጠው የዙር ገደብ እዚህ ጋ አያድንም፤ ሞተሩን የሚያሽከረክረው ነዳጁ ሳይሆን የኋላ ጎማው ነውና። ቫልቭ ከፒስተን ሊጋጭ፣ የኋላ ጎማውም ሊቆለፍ ይችላል። ስሊፐር ፍሪሲዮን (ጎማው ሞተሩን በኃይል ሲያዞር በከፊል የሚንሸራተት ፍሪሲዮን) የጎማውን መቆለፍ ይቀንሳል እንጂ ስህተቱን አያጠፋውም።

ስለዚህ ሁለት ሞተር ያለው ሰው አንዱን ገልብጦ ሌላውን እንዳለ ባይተወው ይሻላል። ወይ ሁለቱንም ይገልብጥ፣ ወይ አንዱንም አይንካ።

ሦስቱ መንገዶች

ርካሹ መንገድ ያለውን ክንድ፣ ማለትም ማገናኛውን ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያያይዘውን አጭር ብረት፣ መገልበጥ ነው። ከማርሽ ሳጥኑ የሚወጣው ዘንግ ጥርስ ጥርስ አለው፤ ክንዱ እዚያ ላይ በአንድ ቡሎን ተጠብቆ ይቀመጣል። ቡሎኑን ፈታችሁ ክንዱን ታወጡና በ180 ዲግሪ አዙራችሁ ትመልሱታላችሁ። ከመፍታታችሁ በፊት የነበረበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉበት። የማገናኛው ዘንግ ርዝመትም መስተካከል አለበት፤ ክንዱና ዘንጉ ወደ 90 ዲግሪ የቀረበ ማዕዘን ሲሠሩ ማርሹ ጥርት ብሎ ይገባል። በዘንጉ ጫፍና ጫፍ ካሉት ሁለት ዳዶዎች አንዱ ብዙ ጊዜ በግራ ጥርስ የተሠራ ነው፤ በተለመደው አቅጣጫ ካልፈታ በጉልበት አትታገሉት። ወጪው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ችግሩ ሁሉም ሞተር አይፈቅድም። የተገለበጠው ክንድ ቴላዮውን፣ የካቴናውን ክዳን ወይም የጎን መቆሚያውን ሊነካ ይችላል።

ሁለተኛው፣ ለሞተራችሁ ሞዴል ተለይቶ የተሠራ አጭር ወይም የታጠፈ ክንድ መግዛት ነው። ፋብሪካው የሠራው ሲገለበጥ የሚነካ ከሆነ መፍትሔው ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በታች ይገኛል።

ሦስተኛው ሙሉ ሪርሴት ነው፤ መርገጫው፣ ፔዳሉና ማገናኛው አብረው የሚቀየሩበት። አብዛኛውን ጊዜ ከ300 እስከ 700 ዶላር ያስወጣል። ለማርሽ ብቻ ብሎ ይህን መግዛት ብክነት ነው። ግን መርገጫው ከፍ ይላል፣ ለቁመታችሁ ይስተካከላል፣ ስትወድቁም ክፍሎቹ ለየብቻ ይሸጣሉ። በብዙዎቹ ላይ ፔዳሉ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንዱ ፔዳሉ ከሚዞርበት ነጥብ በፊት፣ ሌላው ከጀርባው። ዘንጉን ከአንዱ ወደ ሌላው ስታዞሩ አደራደሩ ይገለበጣል። ሁሉም እንደዚያ ስላልሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ጠይቁ።

ፔዳሉ ያለ ማገናኛ በቀጥታ ከሳጥኑ ዘንግ ጋር የተያያዘበት ሞተር ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አይሠሩም። እዚያ ሪርሴት ግድ ነው።

ክዊክሺፍተር ላለው

የቦታውን ጉዳይ ያነሳሁት ለዚህ ነው። ክዊክሺፍተር ፍሪሲዮን ሳትይዙ ማርሽ የሚያስቀይር መሣሪያ ነው፤ ብዙዎቹ ማገናኛው ዘንግ ላይ የተቀመጠ ሴንሰር አላቸው። ሴንሰሩ ዘንጉ ሲገፋ ወይም ሲሳብ ያውቅና የሞተሩን ኃይል ለቅጽበት ይቆርጣል። የትኛውን አቅጣጫ እንደሚጠብቅ ግን አስቀድሞ ተወስኗል።

ክንዱን ሳጥኑ ጋ ስትገለብጡ ዘንጉ የሚሠራበት አቅጣጫ ይቀየራል። ማርሽ ሲጨመር ይገፋ የነበረው አሁን ይሳባል። በመግፋት የሚሠራው ሴንሰር ማርሽ ስትጨምሩ ዝም ይላል፤ ብሶም ስትቀንሱ ኃይል ሊቆርጥ ይችላል። መገልበጡ ፔዳሉ ጋ ሲሆን ግን ክንዱ አልተነካም። ማርሽ ለመጨመር ሳጥኑ የሚፈልገው እንቅስቃሴ ያው የድሮው ነው፤ ዘንጉም እንደ ድሮው ይገፋል። የተቀየረው እግራችሁ ብቻ ነው። ሴንሰሩ ልዩነቱን አያውቀውም።

በመቶ ዶላር ክንድ አተረፍኩ ያለ ሰው አዲስ ሴንሰር ለመግዛት የሚገደደው ስለዚህ ነው። ሁለቱንም አቅጣጫ የሚያነብ ሴንሰር ካላችሁ፣ ወይም በኮምፒውተሩ ማስተካከል ከተቻለ፣ ክንዱን መገልበጥ ይበቃል። ቢኤምደብልዩ ኤስ1000አርአር ከ2019 ወዲህ ባለው ትውልዱ አደራደሩ በቀላሉ እንዲገለበጥ ተደርጎ ተሠርቷል። እንዲህ ያለ ሞተር የያዘ ሰው ለማርሽ ሲል ምንም መግዛት የለበትም።

ማን ምን ይግዛ

ትራክ ላይ ጀማሪ ከሆናችሁ ተዉት። ጫማችሁ ከስር አልገባ ብሎ እስኪያስቸግራችሁ ድረስ መተኛት ስትጀምሩ ያኔ ታስቡበታላችሁ። አንድ ሞተር ብቻ ኖሯችሁ ለመንገድም ለትራክም ከሆነ፣ ክዊክሺፍተርም ከሌለው፣ ክንዱን ገልብጡና መንገድም ትራክም ላይ እንደዚያው ንዱት። ክዊክሺፍተር ያለው የትራክ ሞተር ከሆነ ግን ቁጠቡና ፔዳሉ ጋ የሚገለበጥ ሪርሴት ግዙ። እኔ ብሆን ሁለተኛውን መንገድ፣ ለሞዴሉ የተሠራውን ክንድ፣ የምገዛው ሌላው መንገድ ሲዘጋ ብቻ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ሞተሩን ሳታስነሱ የኋላ ጎማውን ከመሬት አንሱ። ጎማውን በእጅ እያዞራችሁ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ፣ ከዚያም ወደ ኋላ ሂዱ። በሁለቱም ጫፍ ክንዱ የሚነካው ነገር መኖር የለበትም። የጎን መቆሚያውን አጥፋችሁም አውጥታችሁም እዩ። ማርሹ እስከ መጨረሻው ካልተጓዘ ይወጣል፣ ሳጥኑንም ይጎዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነዱት ክፍት ቦታ ላይ፣ በዝቅተኛ ዙር ይሁን። የፈታችሁትን ክንድ ደግሞ አስቀምጡት፤ ሞተሩን ስትሸጡ ገዢው የሚፈልገው የተለመደውን ነው። እስከዚያ ድረስ ሞተራችሁን ለማንም ስታውሱ ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት መገልበጡን ንገሩት።