ለደሴው የሞተር ሳይክል ባለሙያ ምስጋና፤ ጨው ለምትጭኑ ወንድሞቼም ጥቆማ

ደሴ ከተማ ሰኞ ገበያ አካባቢ አነስተኛ የሞተር ሳይክል ጋራዥ ያላቸውን አንድ አባት በአደባባይ ለማመስገን፣ ሞተራችሁን ዝገት የጀመረው ሁሉ ወደ እሳቸው እንድትሄዱም ለመጠቆም ይህን ጽሁፍ ጽፌአለሁ። ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ ቃላቸውን አክብሬአለሁ፤ በሰፈሩ ግን ሞተር የሚያሽከረክር ማንም ሰው «ዝገት የሚያክሙት ጋሼ» ሲባል ያሉበትን ያሳያችኋል።

ሥራዬ ጨው ከኮምቦልቻ እየተረከብኩ በደሴ ዙሪያና በኩታበር ላሉ ትንንሽ ሱቆች ማከፋፈል ነው። ከአፋር፣ ከአፍዴራ የሚነሳው ጨው በሚሌና በባቲ አድርጎ ወደ እኛ እንደሚመጣ የወሎ ሰው ያውቀዋል። ጆንያው የቱንም ያህል ቢታሰር ከስፌቱ የሚያመልጥ ደቃቅ አይጠፋም፤ ያም ደቃቅ በኋላው መጫኛ ላይ፣ በፓራፋንጎው ውስጠኛ ክፍል፣ በብሎኖቹ ዙሪያና በሰንሰለቱ ላይ ይቀመጣል። ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክስጅን ሲያገኙት ነው፤ ጨው ሲጨመርበት ውሃው ኤሌክትሪክን በቀላሉ የሚያስተላልፍ ስለሚሆን ዝገቱ እጅግ ይፈጥናል። ከዚህም በላይ የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ጨው ራሱ ከአየር ውሃ እየሳበ ይሟሟል፤ ስለዚህ አንዲት ጠብታ ሳትዘንብ ብረቱ ርሶ ሊያድር ይችላል። ደሴ ደግሞ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ጉም የሚያዘወትራት ከተማ ናት። በክረምቱ ላይ የበልጉ ዝናብ ተጨምሮበት ሞተራችን ተንፍሶ የሚደርቅበት ጊዜ አጭር ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ቅዝቃዜ በሚበረታባቸው ወራት በረዶን ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን በዚያ ያሉ ሞተረኞችም በዚሁ ችግር ይቸገራሉ። በእኛ አገር መንገድ ላይ ጨው የሚበትን የለም፤ እኛ ጨዉን ራሳችን በሞተራችን ጀርባ ተሸክመነው እንሄዳለን።

ወደ ጋሼ ከመሄዴ በፊት ሞተሬ ሌላ ቦታ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ሲታይ አዲስ ይመስል ነበር፤ ሆኖም ከሥሩ ያለው ጨውና ዝገት ሳይነሳ ስለተቀባ አንድ ክረምት እንኳ በቅጡ ሳይሻገር አባብጦ ተላጠ። ጋሼ ምክንያቱን በጣታቸው እየነኩ አሳዩኝ፦ ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥሩ እየገፋ ይፈነቅለዋል፤ በተፈነቀለው ስር ደግሞ እርጥበት ይታቆራል። እኔም መጫኛው ብቻ ሳይሆን ሻንሲው (የሞተሩ ዋና የብረት አካል) ጭምር ያለቀለት መስሎኝ ደንግጬ ነበርና «አብሽር ልጄ፣ ሻንሲው ገና ጤነኛ ነው፤ መጀመሪያ ግን ጨዉን እናውጣው» አሉኝ።

የሥራቸው ምስጢር በዚህች ቃል ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ወንበሩን፣ ሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንከሩን) እና ፓራፋንጎውን ፈትተው ካወረዱ በኋላ ለረጅም ጊዜ ብሩሽም ሆነ ቀለም አልነኩም፤ በለስላሳ ግፊት በሚወርድ ንጹሕ ውሃና በሳሙና እያንዳንዱን ጥግ ደጋግመው አጠቡ። ኃይለኛ የውሃ ግፊት የማይጠቀሙት ውሃው በኩሽኔታዎቹ ውስጥ ያለውን ግራሶ አስወጥቶ በቦታው ስለሚተካ ነው። ከዚያ በኮምፕሬሰር አየር ውሃውን ከየስንጥቁ አስወጥተው ፀሐይ ላይ አዋሉት። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ንጹሑ ብረት እስኪያበራ ድረስ ፋቁት፤ ብሩሽ በማይደርስበት ቦታ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበትን ፈሳሽ ቀብተው የቀረውን ዝገት ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ወደሚቀር ጥቁር ሽፋን ለወጡት። መጫኛው ከሥሩ ተበልቶ ስለነበር የሞተውን ክፍል ቆርጠው አዲስ ብረት በየዱበት፤ ብየዳውንም ሰልባትዮው ከአጠገቡ እስኪርቅና ባትሪው እስኪነቀል ድረስ አልጀመሩም። ጸረ ዝገቱንና ቀለሙን የቀቡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ አንዱ ሽፋን ሳይደርቅ ሌላውን አይደርቡም። ከዓይን በተሰወረው የሻንሲው ቱቦ ውስጥ ደግሞ በዘይት የቀጠነ ግራሶ አፈሰሱ፤ እያንዳንዱን ብሎን ከመመለሳቸው በፊት ጥርሱን ግራሶ ቀቡት፤ ወደፊት ሳይሰበር እንዲፈታ ነው። አረንጓዴ ዝገት የያዛቸውን የኤሌክትሪክ ሽቦ መጋጠሚያዎችም አንድ በአንድ አጸዱልኝ። ይህንን ማንም አላዘዛቸውም፤ ሞተሬ በጉም ጠዋት እየተንገራገጨ የሚነሳበት ምክንያት ግን እዚያ ነበር።

በብዙ ጋራዦች የሞተርን ሥር በተቃጠለ ዘይት መርጨት የተለመደ ነው። ጋሼ ይህን አጥብቀው ይቃወማሉ፤ ዘይቱ ፍሬን ላይ ከደረሰ ሞተሩ አልቆም እንደሚል፣ ጎማንና የላስቲክ ክፍሎችን እንደሚጎዳ፣ አቧራም እየሳበ ጨዉን በላዩ ላይ እንደሚለስን ይናገራሉ። እኔም ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን ቁልቁለት በየጊዜው የምወርድ ሰው ነኝና በዚህ ነገር ከልቤ እስማማለሁ። ከፍሬን ጋር የሚቀለድበት መንገድ አይደለም።

ሥራውን ከጨረሱ በኋላ ለእኔ የቀረውን ድርሻ በዝርዝር አስረዱኝ። ጨው በተጫነ ቀን ማታውኑ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ሳይደርቅ አለመሸፈን፣ ላስቲክ ከማልበስ ይልቅ አየር የሚያስገባ ጨርቅ መጠቀም፣ ሰንሰለቱን በላምባ አጽድቶና አድርቆ ወዲያው ዘይት ማጠጣት፣ ሞተሩ ሥራ ፈትቶ የሚቆም ከሆነም በውስጡ ጤዛ እንዳይፈጠር ሰልባትዮውን በቤንዚን ሞልቶ ማስቀመጥ ናቸው። ከጆንያው ሥር ወፍራም ላስቲክ እንዳነጥፍም የመከሩኝ እሳቸው ናቸው። የአፈር ማዳበሪያ የምታመላልሱ ወንድሞቼም ይህ ምክር ይመለከታችኋል፤ ማዳበሪያም እርጥበት እየሳበ ብረት ይበላልና።

ስለ ታማኝነታቸው ሳልናገር አላልፍም። ዋጋቸውን ሥራው ሳይጀመር ቁርጥ አድርገው ይናገራሉ፤ የተቀየረውን አሮጌ ብሎንና የተቆረጠውን ብረት በፌስታል አድርገው ለባለቤቱ ይመልሳሉ። እኔ በነበርኩበት አንድ ወጣት በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ላይ ቀላል ዝገት አይቶ በድንጋጤ መጥቶ ነበር። እሳቸውም ዝገቱ ላይ ላዩን ብቻ መሆኑን አይተው፣ ቤቱ ውስጥ እንዴት እንደሚያጸዳው አሳይተው፣ አንድ ብር ሳይቀበሉ መርቀው ሸኙት። ገበያ በቀዘቀዘበት በዚህ ጊዜ ሊያስከፍሉ የሚችሉትን ሥራ «አያስፈልግህም» ብሎ መመለስ ትልቅነት ነው።

ሥራቸው ጊዜ እንደሚወስድ ግን አስቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ። ጉም በወረደበት ቀን ቀለም አይቀቡም፤ የቸኮለ ደንበኛ ቢቆጣም አያስገድዳቸውም። ስለዚህ የምትችሉ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ውሰዱላቸው፤ ያልተመቻችሁም በልግ ካባራ በኋላ፣ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ድረሱ። ስትሄዱ ሞተሩን አጥባችሁ አታስውቡት፤ ጨዉና ዝገቱ የት የት እንደተቀመጠ በዓይናቸው ማየት ይፈልጋሉ።

ጋሼ፣ ለቤተሰቤ እንጀራ የማመጣበትን ሞተር አድነውልኛል። እድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ እጅዎ ይባረክ።