ሁሉን በአንድ ቺፕ ወይስ ለየብቻ? ቦርድ ከመግዛታችሁ በፊት

"ሜሞሪው እዚያው ቺፑ ውስጥ ያለውን ልግዛ ወይስ አጠገቡ ለብቻው የተበየደበትን?" ቦርድ የሚሠሩ ጓደኞቼ እየደወሉ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። መልሴም ተለውጦ አያውቅም። ሁሉን በአንድ የያዘውን ግዙ። ምክንያቱን በስልክ መደጋገም ስለሰለቸኝ ይኸው ጻፍኩት።

እኔም ተሸውጄ ነው የተማርኩት። ሙቀት እየለካ የሚመዘግብ መሣሪያ ልሠራ ፈልጌ አሥር ቦርድ ገዛሁ። ፕሮሰሰሩ (ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ቺፕ) የራሱ ፍላሽ፣ ማለትም መብራት ቢጠፋም የማይረሳ ሜሞሪ፣ የለውም። ፕሮግራሙም መረጃውም የሚቀመጠው አጠገቡ ባለች ስምንት እግር ፍላሽ ላይ ነው። ዋጋው ካየሁት ሌላ ቦርድ በግማሽ ያንስ ነበር። ፍላሿ 16 ሜጋባይት ናት ተባለ። ሞከርኳቸው፣ ሠሩ፣ ለሚፈልጉት ሰዎች ሰጠኋቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ ተራ በተራ ሞቱ።

ከፍቼ ስመረምር ጉዱ ወጣ። ፍላሿ 4 ሜጋባይት ብቻ ናት። ላይዋን ፍቀው ሌላ ጽሑፍ አትመውባታል። እንዲህ ያለች ቺፕ አድራሻው ከ4 ሜጋባይት ሲያልፍ "ሞልቻለሁ" አትልም። የላይኛዎቹን ሁለት ቢቶች ችላ ትልና ወደ መጀመሪያዋ ትዞራለች። መጀመሪያዋ ላይ ያለው ደግሞ መሣሪያውን የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው። ቦርዶቹ የሙቀት መረጃ እንጽፋለን ብለው የገዛ ራሳቸውን ጭንቅላት አጠፉ። የአዲስ ፍላሽ ዋጋ፣ የመመላለሻው ወጪና ሆት ኤር (የጋለ አየር የሚነፋ መበየጃ) ይዤ ያመሸሁበት ጊዜ ሲደመር ያ "ግማሽ ዋጋ" ከሙሉው በልጦ አረፈው።

ፍላሽ ለብቻዋ የምትገዙ ከሆነ መታወቂያ ኮዷን አንብቡ። በብዛት በሚገኙት ዓይነቶች ላይ የሦስተኛው ባይት ዋጋ በሄክስ (በ16 መሠረት አቆጣጠር) 18 ከሆነ 16 ሜጋባይት ናት፤ 16 ከሆነ ደግሞ 4 ሜጋባይት። (አዎ፣ ቁጥሩ ራሱ ሰው ለማደናገር የተፈጠረ ይመስላል።) በኮዱም ብቻ አትመኑ። የመጀመሪያዋ አድራሻ ላይ አንድ ነገር ጻፉ፣ ልክ 4 ሜጋባይት ላይ ባለችው አድራሻ ሌላ ነገር ጻፉ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ የመጀመሪያውን አንብቡ። ተለውጦ ካገኛችሁት ተበልታችኋል።

የተዋሃደው ቺፕ ፎርጅድ የለውም ማለቴ አይደለም። ብሉ ፒል የሚባለውን ሰማያዊ ቦርድ የገዛ ሰው ያውቀዋል። ላዩ ላይ ኤስቲኤም32ኤፍ103 (ፍላሹ ውስጡ የሆነ ታዋቂ ቺፕ) ተብሎ ተጽፎ ውስጡ ሌላ የሆነ ቺፕ ሞልቷል። ዲበገር (የቺፑን ውስጥ የሚያነብ መሣሪያ) ስትሰኩበት በ1 መጀመር ያለበት የቺፑ መለያ ቁጥር ብዙ ጊዜ በ2 ይጀምራል። በራሱ ስም የሚሸጥ ተመሳሳይ ቺፕ አያስከፋኝም፤ በሰው ስም የሚሸጠው ነው የሚያናድደኝ። ቢሆንም እዚህ የምትመረምሩት አንድ ቺፕ ነው። ለየብቻው ላይ ግን ፕሮሰሰሩን፣ ፍላሹን፣ ራሙን (ጊዜያዊ ሜሞሪውን)፣ የኃይል መቆጣጠሪያውን እያንዳንዱን መጠራጠር አለባችሁ። አንዱ ካጭበረበረ ሁሉም ወደቀ።

ዋጋው ላይ እንምጣ፤ ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አርፒ2040 የሚባለው ፕሮሰሰር በ2021 ለብቻው ሲሸጥ ዋጋው 1 ዶላር ነበር። ሁለት ኮር፣ 264 ኪሎባይት ራም፣ በ1 ዶላር! ግን ውስጡ ፍላሽ የለም። ፍላሽ ትገዛላችሁ፣ ክሪስታል (የሥራ ምት የሚሰጠውን) ትገዛላችሁ፣ የ3.3 ቮልት ሬጉሌተር (የኃይል መቆጣጠሪያ) ትገዛላችሁ፣ ካፓሲተሮችም አሉ። እያንዳንዱ ሳንቲም ነው። ግን እያንዳንዱ የሚበየድ፣ የሚሳሳት፣ ከገበያ የሚጠፋ ዕቃም ነው። ይኸው ቺፕ ከነፍላሹ ቦርድ ላይ ተሠርቶ ፒኮ ተብሎ የወጣው በ4 ዶላር ነው። ለአንድ ሁለት ሥራ ባዶውን ቺፕ ገዝቶ ያተረፈ ሰው አላየሁም።

በሌላ በኩል ሁሉን በአንድ የያዘውን ሲኤች32ቪ003 ቺፕ ተመልከቱ። በ2022 ሲወጣ በብዛት ለሚገዛ ዋጋው የዶላር 10 ሳንቲም አካባቢ ነበር። 16 ኪሎባይት ፍላሽና 2 ኪሎባይት ራም አለው፤ የሥራ ምት የሚሰጠው ሰዓቱም ውስጡ ነው። አንድ ካፓሲተር አጠገቡ አስቀምጣችሁ ታስነሱታላችሁ። አዝራር ለማንበብና ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ለማብራት ከዚህ በላይ መክፈል ገንዘብ መበተን ነው።

ሊኑክስ (ብዙ ራም የሚፈልግ ሙሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) የግድ ካስፈለጋችሁስ? ለየብቻው መንገድ እዚህ ጋ ልብ አውልቅ ይሆናል። ከፕሮሰሰሩ ወደ ራሙ የሚሄዱት መስመሮች ርዝመታቸው መመጣጠን አለበት፤ ቦርዱም አብዛኛውን ጊዜ አራት ወይም ስድስት ንብርብር ይፈልጋል። ቺፖቹ እግር የላቸውም፤ ከሥራቸው ትንንሽ የብየዳ ኳስ ነው ያላቸው። አንዲት ኳስ በደንብ ካልያዘች መሣሪያው አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ አይነሳም፣ እናንተም ሶፍትዌሩን ስትረግሙ ትከርማላችሁ። ኦልዊነር ከሚባለው ኩባንያ ፕሮሰሰሮች ኤፍ1ሲ100ኤስ 32 ሜጋባይት ራም፣ ቪ3ኤስ ደግሞ 64 ሜጋባይት ራም እሽጋቸው ውስጥ ይዘዋል። ቪ3ኤስ በዓይን የሚታይ እግር ስላለው በተራ መበየጃ ይያዛል። ራሙን በኋላ ማሳደግ አይቻልም፣ እውነት ነው። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ፕሮሰሰርና ራም አንድ ላይ ተበይዶ የሚሸጠውን ሞጁል ግዙ እንጂ መስመሩን ራሳችሁ ልትስሉ አትሞክሩ።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ እሸነፋለሁ። ቺፕ ውስጥ ያለ ፍላሽ ቶሎ ያልቃል። የኤስቲኤም32ኤፍ103 ፍላሽ ዋስትና የተሰጠው ለ10,000 ጊዜ መደምሰስና መጻፍ ነው። በየደቂቃው አንዱን ገጽ (የፍላሹን ትንሽ ክፍል) እየደመሰሰ የሚጽፍ ፕሮግራም ይህንን በአንድ ሳምንት ይጨርሰዋል። ገጹ ሲሞት ደግሞ የሚጣለው ቺፑ በሙሉ ነው። የውጭ ፍላሽ አብዛኛውን ጊዜ 100,000 ይችላል፤ 24ሲ256ን የመሰለ ኢኢፕሮም (ለብቻው የሚበየድ ትንሽ የማይረሳ ሜሞሪ) ደግሞ እስከ 1 ሚሊዮን ይደርሳል። ስለዚህ አሁን የምሠራው እንዲህ ነው፦ ፕሮግራሙ ቺፑ ውስጥ፣ የሚመዘገበው መረጃ ውጭ ባለ ርካሽ ኢኢፕሮም ላይ። እሱ ሲያልቅ በአምስት ደቂቃ ይቀየራል።

ከአሥሩ ቦርዶች ስድስቱን ፍላሻቸውን ቀይሬ አስነሳኋቸው። ሦስቱ ሆት ኤር ሲነካቸው ፓዳቸው (ቺፑ የሚበየድበት መዳብ) ተላጠ። አሥረኛው እስከነፎርጅዷ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። "ግን እኮ ያኛው በግማሽ ዋጋ ነው" የሚለኝ ሰው ሲመጣ አውጥቼ እሰጠዋለሁ።