የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ ወንበር፦ ስድስት ወር በድሬና በሐረር መንገድ

ያገለገለ መኪና ስገዛ ሻጩ ከሞተሩ ይልቅ ስለ ወንበሩ ነበር ሲያወራልኝ የቆየው። ይሞቃልም ይቀዘቅዛልም። የምኖረው ድሬ፣ ማሞቂያ ምን ሊያደርግልኝ ብዬ ሳቅሁ። ይኸው ስድስት ወር ነዳሁት።

መጀመሪያ ስለ ማቀዝቀዣው። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ቆሞ የዋለ መኪና እንኳ ስምንት ሰዓት ላይ ሲገቡበት ወንበሩ ይለበልባል። ቁልፉን ስትጫነው ወዲያው አይቀዘቅዝም፣ ሦስት አራት ደቂቃ ታገሠው። ከዚያ ጀርባህ ላይ የተለጠፈው ሸሚዝ ይላቀቃል፣ አቦ ደስ ሲል! ግን ልብ በሉ፣ "ይቀዘቅዛል" ተብለው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ማራገቢያ ብቻ ናቸው፤ መኪናው ውስጥ ያለውን አየር ነው የሚነፉብህ፣ የድሬን የቀትር አየር ደግሞ ታውቁታላችሁ። የእኔው ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት በአንድ ጎኑ የሚቀዘቅዝ፣ በሌላው የሚግል ትንሽ ጠፍጣፋ ዕቃ አለው። ፈረንሳዊው ፔልቲዬ እ.ኤ.አ. በ1834 የደረሰበት ነገር ነው። የኤሌክትሪኩ አቅጣጫ ሲገለበጥ ጎኖቹ ይቀያየራሉ። ስለዚህ ወደ ሐረር የደንገጎን ዳገት ወጥተህ ብርዱ ሲቀበልህ የሚያሞቅህም ያው ዕቃ ነው።

በሦስተኛው ወር የጎን ወንበሩ ያስቸግረኝ ጀመር። ይበራል፣ አምስት ደቂቃ ይሠራል፣ ድርግም። መጀመሪያ ያሳየሁት ኤሌክትሪሺያን አየት አደረገና "ሴንሰሩ ነው፣ ዳይሬክት እናድርገው" አለኝ፤ ሙቀት የሚለካውን ሴንሰር ዘለን ኤሌክትሪኩን በቀጥታ እናገናኘው ማለቱ ነው። ደስ አላለኝም፣ ይዤው ሄድኩ። ሳቢያን ሰፈር ያለ ሌላ ልጅ ደግሞ ምንም ሳይፈታ ወንበሩ ሥር እጁን ሰዶ ፌስታል ጎትቶ አወጣ። ውስጡ የደረቀ ጫት! አጎቴ ከአወዳይ ስንመለስ ፀሐይ እንዳያገኘው ብሎ ሸጉጦት፣ እዚያው ረስቶታል።

ማራገቢያው አየር የሚስበው በዚያ በኩል ነው። አየር ሲታፈን የጠፍጣፋው ትኩስ ጎን ሙቀቱን የሚያራግፍበት ያጣል። አጠገቡ ያለው ሴንሰር ሲሞቅ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የመከልከል አቅሙ) ይወርዳል፣ መቆጣጠሪያው ያንን አንብቦ ኃይሉን ይቆርጣል። የሴንሰሩ ገመድ ቢበጠስ እንኳ በግምት አይቀጥልም፣ ያጠፋዋል። ወንበሩ ራሱን ሲያድን ነው እንግዲህ እኔ ተበላሸ እያልኩ የማማው። ዳይሬክት ቢደረግ ኖሮ መቼ ማቆም እንዳለበት የሚነግረው አይኖርም ነበር። ፊውዝማ አለው፣ ግን ፊውዝ ብዙ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይቃጠላል እንጂ ሙቀት አይለካም።

ቅሬታ አለኝ። ሲጠፋ ለምን እንደጠፋ አይናገርም፣ መብራቷ ብቻ ትጠፋለች። አቧራ የምትይዘው ስፖንጅም የድሬን አቧራ አትችልም፣ ሳስፈታት ምንጣፍ መስላ ነበር የወጣችው። ወፍራም የወንበር ልብስ ካለበሳችሁት ደግሞ ቀዳዳዎቹ ስለሚደፈኑ ጥቅሙ አይታያችሁም።

ማሞቂያቸው ሽቦ የሆኑ ወንበሮች ላይ በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ አትውጡ። ሽቦው ከተጎዳ አንድ ቦታ ብቻ ሊግል ይችላል፣ ሴንሰሩ ደግሞ የሚያውቀው ያለበትን ቦታ ነው። አባቴ ስኳር ስላለበት እግሩ ሙቀት በደንብ አይሰማውም፤ እሱ ሲቀመጥ ማሞቂያውን ጨርሶ አልነካውም፣ ሐረር ቢበርድም ጋቢ አለ።

ለማቀዝቀዣው ብቻ ድጋሚ እገዛው ነበር። አጎቴ አሁን ጫቱን ጭኑ ላይ ታቅፎ ነው የሚመለሰው፣ እስከ ድሬ እያጉረመረመ።