የመንግሥት ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክትባት አገልግሎት፦ ጥሩ ባለሙያ፣ የማይመች ሰዓት

ልጄ ሳንባ ምችን የሚከላከሉ ክትባቶችን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የወሰደችው በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ነው። ባለሙያዎቹን ከልቤ አመሰግናለሁ። የአገልግሎቱ ሰዓት ግን ሥራ ያላቸውን እናቶች የዘነጋ ነው፤ ይህም ሕፃናት የጀመሩትን ክትባት ሳይጨርሱ እንዲቀሩ ሊያደርግ ስለሚችል በዝርዝር መጻፍ ወደድሁ።

ሳንባ ምችን በተመለከተ ዋናዎቹ መርፌዎች ሁለት ሲሆኑ፣ ሁለቱም በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት በነፃ ይሰጣሉ። አንደኛው ኒሞኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ የሚከላከለውና በ2004 ዓ.ም. ወደ አገራችን መደበኛ ክትባት የገባው ፒሲቪ ነው። ሌላው ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው ፔንታቫለንት ሲሆን፣ ከሚከላከላቸው አምስት በሽታዎች መካከል ትክትክና ሂብ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው ሕመም ይገኙበታል። ኩፍኝም ብዙ ጊዜ ሳንባ ምችን አስከትሎ ስለሚመጣ፣ በ9ኛውና በ15ኛው ወር የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባት የዚሁ መከላከል አካል ነው።

ክትባት የምትሰጠን ሲስተር መርፌውን ከመሙላቷ በፊት በብልቃጡ ላይ ያለውን የሙቀት ምልክት ሳታይ አታልፍም ነበር። በማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈው የሙቀት መመዝገቢያም የጠዋቱና የከሰዓቱ ተሞልቶ አይቻለሁ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ክትባቶቹ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለባቸው፣ ፒሲቪና ፔንታቫለንት ደግሞ አንዴ በረዶ ከሠሩ ይበላሻሉ። የትኛው ክትባት ለምን እንደተሰጠ፣ ትኩሳት ቢመጣ ምን እንደምናደርግ፣ መቼ እንደምንመለስና ካርዱን ይዘን መምጣት እንዳለብን ለእያንዳንዳችን ሳትሰለች ትነግረን ነበር።

ከሁሉም በላይ የወደድሁት ግን ክትባቱ የማይደርስበትን አለመደበቋ ነው። ሳንባ ምች በቫይረስም ስለሚመጣ፣ የተከተበ ሕፃንም ሊታመም እንደሚችል በግልጽ ነገረችን። ከዚያም የልጆቻችንን ደረት ገልጠን አተነፋፈሳቸውን ሙሉ አንድ ደቂቃ እንድንቆጥር አደረገችን። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ 40 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሳይነጋ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። ይህን ትምህርት በግል ክሊኒክ ገንዘብ ከፍዬም አግኝቼው አላውቅም።

ቅሬታዬ ስለ ሰዓቱ ነው። የክትባት ክፍሉ ተገልጋይ የሚቀበለው በሥራ ቀናት፣ ያውም እስከ ረፋድ ብቻ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከወሊድ በኋላ የሚፈቅደው 90 ተከታታይ ቀናት ሲሆን፣ 14 ሳምንት ደግሞ 98 ቀን ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ቀጠሮ የሚውለው እናቲቱ ወደ ሥራ በተመለሰች በሳምንቱ ገደማ፣ ፈቃድ ለመጠየቅ በምታፍርበት ጊዜ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ12 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት 73 በመቶው የመጀመሪያውን ፔንታቫለንት ሲወስዱ፣ ሦስተኛውን የወሰዱት 53 በመቶ ብቻ ናቸው። ለዚህ ርቀትን ጨምሮ ብዙ ምክንያት ይኖራል፤ የከተማ ጤና ጣቢያ ግን ሰዓቱን በማስተካከል ብቻ የድርሻውን መቀነስ ይችላል።

ሌላም ቅር ያሰኘኝ ነገር አለ። ለኩፍኝ ክትባት የመጣች እናት፣ ልጆች እስኪሰበሰቡ ብልቃጡ አይከፈትም ተብላ ስትመለስ አይቻለሁ። የተበጠበጠው ክትባት ከ6 ሰዓት በላይ ስለማይቆይ ብክነትን መፍራታቸው ይገባኛል፤ ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት ይላል፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ያቺ እናት ለመመለሷ ዋስትና የለምና።

ጤና ጣቢያው ቢያንስ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ቢከፍትና ቀጠሮ ላለፈባቸው በመዝገቡ ባለው ስልክ ቢደውል፣ ያለ ምንም ማመንታት የተሟላ አገልግሎት እለው ነበር። አሁንም ቢሆን ወላጆች ልጆቻችሁን ወደ እንዲህ ያለው ጤና ጣቢያ ውሰዱ እላለሁ፤ የ14ኛውን ሳምንት ቀን ከአሠሪያችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ቀጠሮው ያለፈባችሁም ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ክትባቱ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደ አዲስ አይጀመርም።