የኦጋስታ 13ኛው ጉድጓድ፦ የድሮው ይሻላል አዲሱ?

በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት የሚገኘው የጎልፍ ሜዳ ኦጋስታ ናሽናል የማስተርስ ውድድር ቤት ነው። 13ኛው ጉድጓድ፣ ማለትም ከመምቻ መነሻው እስከ 13ኛው ቀዳዳ ያለው ሜዳ፣ "አዛሊያ" ይባላል፤ ስሙ የአበባ ነው። ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ከግሪኑ፣ ቀዳዳው ካለበት አጭር ሣር፣ ፊት ለፊት ወንዝ ይፈሳል። እስከ 2022 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ድረስ 510 ያርድ (466 ሜትር ገደማ) ነበር። በ2023 መነሻውን 35 ያርድ ወደ ኋላ ወስደው 545 አደረሱት። የጎልፍ አፍቃሪው በዚህ ለሁለት ተከፍሏል።

የድሮው ወዳጆች ድፍረትን ያነሳሉ። እውነት አላቸው። በ2010 ማስተርስ የመጨረሻ ቀን የተጫዋቹ ፊል ሚክልሰን ኳስ በሁለት ጥዶች መሀል፣ በደረቀ የጥድ ቅጠል ላይ ተቀምጣ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ሜዳው ያወጣታል። እሱ 6 አይረን በሚባለው ዱላ በዛፎቹ መሀል አሾልኮ ከወንዙ ማዶ፣ ቀዳዳው አጠገብ አሳረፋት። ያን ዓመት ዋንጫውን ወሰደ። እንዲህ ያለ ቅጽበት ማን ይጠላል?

ግን ኳስ በጣም እየራቀ ሄደ። በ2014 ተጫዋቹ ባባ ዋትሰን ከመነሻው 366 ያርድ መታ! ከዚያ በኋላ የቀረው አጭር ምት ነው፤ ወንዙም አያስፈራም።

እኔ አዲሱን እመርጣለሁ። ሜዳው ወደ ወንዙ ያዘነበለ ነው። በቀኝ ለሚመታ ሰው ኳሱ ከእግሩ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ስትመታው ወደ ግራ ይጎትታል። በረጅም ዱላ ከዚያ ተዳፋት መምታት ጭንቅ ነው። በሁለተኛው ምት ወንዙን ለመሻገር ልሞክር ወይስ በሦስት ምት ግሪኑ ላይ ልድረስ የሚለው ጥያቄ እንደገና መጥቷል።