ከላይ ዘይቱን፣ ከሥር አፈር፦ የደሴው ቅባት ሽቶ

ለእረፍት አገር ቤት ስትመጡ ሻንጣው በበርበሬና በሽሮ ይሞላል። በደሴ ካለፋችሁ ግን ኪስ ውስጥ የሚገባ ነገርም አለ፤ የዘይት ሽቶ።

እኔ የገዛሁት ፒያሳ አካባቢ ካለ ጠባብ ሱቅ ነው። ሰንደሉም፣ ቡኹሩም፣ መስገጃውም እዚያው ይሸጣል። ሽቶው በትልልቅ ጠርሙስ ተደርድሯል፤ ሻጩ በሲሪንጅ እየሳበ በብልቃጥ ይቀዳል። 3፣ 6 እና 12 ሚሊ ሊትር አለ። አልኮል ስለሌለው ብዙ ሰው ለጁምዓ ይገዛዋል።

«አፈር አፈር የሚል፣ ግን ፍራፍሬ ያለበት» አልኩት። ምንም አልገረመውም። አንጓዬ ላይ ጠብ አደረገልኝና «አብሽሪ እህቴ፣ ሂጂ ቡናሽን ጠጪ። ከሰዓት በኋላም ከወደድሽው ነይ» አለኝ። እኔ ባለሁበት አገር ሻጮች ወረቀት ላይ ነፍተው ወዲያው ካርድሽን አምጪ ነው የሚሉት። ለዚህ አገልግሎት ሙሉ ነጥብ።

ሽታው መጀመሪያ የበሰለ ዘይቱን (ፍሬው፣ ጓቫ) ነው፤ በጣም የበሰለ፣ ነገ የሚበላሽ ዓይነት። ከኋላው ኮክ አለ፣ ትንሽ ጎምዘዝ ያለ። ይሄኛው ግን ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ነው፤ ቀላሉ ነገር ቀድሞ ይተናል። ከዚያ ፓቹሊው ይመጣል። ይህ ከቅጠል የሚወጣ ዘይት ነው፤ የእርጥብ አፈርና የረገፈ ቅጠል ሽታ አለው። ለአንዳንዱ ሰው ከባድ ነው። አክስቴ አሽትታ «የት ቆፍረሽ መጣሽ?» አለችኝ። እኔ ግን የወደድኩት እዚህ ጋ ነው፤ ምክንያቱም ፍራፍሬው ጨርሶ አይጠፋም። ገላ ሲሞቅ ከአፈሩ ሥር ብቅ ይላል።

አየሩም ይለውጠዋል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ብርዱ ሽቶውን ያስተኛዋል። እጄን አፍንጫዬ ጋ ካላመጣሁት አይሸተኝም ነበር። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ ነቃ፣ ዘይቱኑም ተመለሰ። ለእኔ ልኩ ኮምቦልቻ ነው። ባቲ ለሰኞ ገበያ ስሄድ ግን በዛ፤ ሚኒባስ ውስጥ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ጎኔ ለተቀመጡት እናት እኔ ራሴ አዘንኩላቸው። ወደ ቆላ ስትወርዱ ግማሽ ጠብታ ይበቃል።

ከሩቅ እንዲሸት የምትፈልጉ ሰዎች አትድከሙ። ሽታውን ወዲያው ብድግ የሚያደርገው አልኮሉ ነው፤ ዘይት ገላ ላይ ተጣብቆ ነው የሚቀረው። ለሰላምታ ያቀፋችሁ ሰው ያገኘዋል፣ በር ላይ ያለው አያገኘውም። በምትኩ ይቆያል። ጠዋት የተቀባሁት ማታም አለ፤ የሱፍ ሻርፔ ላይማ አድሮ ይሸታል። ቡና ላይ እጣን ሲጨስ ግን ተሸናፊ ነው፤ ለዚያ ሰዓት አታባክኑት።

ቅሬታዬ ብልቃጡ ላይ ነው። ክዳኑ ልል ነው፣ ቦርሳዬ ውስጥ አፈሰሰ። አፉ ላይ የምትሽከረከር ኳስ ያለውን ጠይቁ፣ በፕላስቲክም ጠቅልሉት። ነጭ ልብስ ላይ ጠብ ካለ ያቀልማል፤ የአበሻ ቀሚስ ከመልበሳችሁ በፊት ተቀብታችሁ አድርቁት። ዋጋም አልተለጠፈም፣ ስምም የለውም። ሻጩ «ዑድ አለበት» ብሎኛል፤ ዑድ ውድ የሽቶ እንጨት ነው፤ እውነተኛ ዘይቱ በርካሽ አይገኝም፣ ስለዚህ ቅንብር ነው ብላችሁ ግዙ። ሽታው ግን አላጣላኝም። ደግማችሁ ማስመጣት ከፈለጋችሁ የተቀዳበትን ትልቁን ጠርሙስ በስልክ ፎቶ አንሱት።

በአውሮፕላን የእጅ ቦርሳ ውስጥ ችግር የለውም፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በታች ስለሆነ ግልጽ ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ ታልፋላችሁ። ለስጦታ 3 ሚሊዋ ትበቃለች። ለራሳችሁ ከሆነ 12ቱን ያዙ።